ግራዝማች ከሰው ማጀት አይበሉም

ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ አራት ዓመት ስማር እጄን አውጥቼ የጠየቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የቡድን ሥራ ሲሰጠን እኔ እጽፋለሁ፣ ጓደኞቼ ያቀርባሉ። ስለዚህ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብል የሚያውቁኝ ሰዎች አያምኑም። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም፤ እንዲወጣልኝም አልፈልግም።

ያን ጊዜ ከተመረቅሁ ሦስት ወር አልሞላኝም ነበር። ሥራ አላገኘሁም፤ ባሕር ዳር እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ምኒችል መጡና «አንቺ እኮ የተማርሽ ነሽ። የአያታችንን ታሪክ በወጉ ጽፈሽ ለቤተሰቡ ጉባኤ አንብቢልን። ከዚያ አሳትመን እናከፋፍለዋለን» አሉኝ።

የሳቸው አያት ማለት የእኔ ቅድመ አያት ግራዝማች አየነው ናቸው። በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ። ዘጠና ሰባት ዓመት ኖረው ነው የሞቱት። ልጃቸው፣ ማለትም የእኔ አያት እማሆይ የሻረግ፣ ያን ጊዜ ዘጠናን ካለፉ ሰንብተው ነበር፤ መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡት ግን በራሳቸው ዓይን ነው። ቤተሰባችን በምንም ነገር ከሚኮራው በላይ በዕድሜ ይኮራል። «እናንተ ቤት ምን ተበልቶ ነው እንዲህ የሚኖረው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁልጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ያልተበላውን ጠይቅ።» ግራዝማች ከሰው ማጀት በልተው አያውቁም ማለት ነው። ሠርግ ሲሄዱ እንኳ ምግባቸው ከቤታቸው ይከተላቸው ነበር ይባላል።

ሁለት ሳምንት ጻፍሁ። ከአጎቶቼና ከአክስቶቼ የሰማሁትን ሁሉ አሰባስቤ፣ አሳመርሁት። ከሁሉ አብልጬ የደከምሁበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «በጠላት ወረራ ዘመን ቆስለው ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን በተደበቁ ጊዜ እንኳ ሃይማኖታቸውን አክብረው፣ ከቤታቸው ከመጣላቸው ስንቅ በቀር ከሰው ማጀት አልቀመሱም፤ በሦስተኛውም ቀን በፈጣሪያቸው ተማምነው ብቻቸውን ጣናን ተሻገሩ።» ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ጉባኤው እሑድ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እምዬ ዘንድ ሄድሁ። ሁላችንም አያቴን እምዬ ነው የምንላቸው። ደጃፉ ላይ እግራቸውን ፀሐይ እያሞቁ ተቀምጠዋል። ስህተት ካለ ያርሙኝ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁላቸው። ያን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ እጃቸውን አነሱ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ሁሉም የሚያወራው ነው፣ እምዬ።»

«ሁሉም ማለት ማን ነው? እዚያ የነበረ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ውሸት ነው?»

«ውሸትማ ቢሆን ምን ነበረበት» አሉ። «እውነት ነው እንጂ። አልበሉም። ሰውየውን የገደለው እሱ ነው።»

«የቱን ሰውዬ?»

እግራቸውን ከፀሐዩ ሰበሰቡ። ከዚያ ጀመሩ። እኔም ሌላ ወረቀት አውጥቼ መጻፍ ጀመርሁ።

ጣሊያን ባሕር ዳር ገብቶ ከሰፈረ በኋላ ነው። እምዬ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናቸው ነው። አባታቸው ከአርበኞች ጋር ወጥተው ጭናቸውን በጥይት ተመቱ። ቤታቸውን ባንዳ እየመጣ ስለሚፈትሸው ወደዚያ መግባት አይቻልም። ጓደኞቻቸው ተሸክመው ከቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ ሰው ግቢ አደረሷቸውና ተበተኑ። ሰውየው እንድሪስ ይባላል። ሙስሊም ነው፤ ታንኳ ሠሪ ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ያ ረጅሙ የሐይቅ ሣር፣ ግቢው ውስጥ እየደረቀ ተከምሮ ስለሚቆም በክምሩ መሐል ሰው ቢተኛ አይታይም። እንድሪስ አባታቸውን እዚያ አስተኛቸው። ቁስላቸውን አጠበላቸው። ከዚያ የሚሻገሩበትን አዲስ ታንኳ ማሰር ጀመረ።

«ማታ ሚስቱ ዓሣ አቀረበች» አሉ እምዬ። «አባቴ ፊታቸውን አዞሩ። እንድሪስም ገባው። ‹ጌታዬ፣ ዓሣ እኮ አይታረድም። የእኔም የእርስዎም ቢላዋ አልነካውም› አላቸው። አባቴ ‹ድስቱስ?› አሉት። ‹ድስትም አልነካውም፤ በፍም ነው የተጠበሰ፣ በቅጠል ነው የቀረበ› አለ።»

«እሺ፣ እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹እጅህ ነክቶታል› አሉት።»

መጻፌን አቆምሁ። እምዬ ቀና ብለው አዩኝ።

«ጻፊው። በዚያው እጅ ነው ቁስላቸውን ያጠበላቸው። ይህንንም ጻፊው።»

ስለዚህ ምግብ ከቤት መምጣት ነበረበት። አዋቂ ከላኩ ይታወቃል፤ ልጅ ተላከ። እምዬ በየቀኑ አገልግል ተሸክመው ግማሽ ሰዓት በእግራቸው ወደ ሐይቁ ይሄዱ ጀመር። የክርስቲያን ልጅ፣ በቆዳ የተለጎመ የክርስቲያን ቤት አገልግል ይዛ፣ በየቀኑ ወደ ሙስሊሞቹ ሰፈር። እዚያ አንዲት እኩያቸው ነበረች፤ የእንድሪስ ልጅ ሰኪና። የእምዬ አባት ሲበሉ ሁለቱ ልጆች ደንገል እየላጡ ይጫወታሉ።

በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ አንድ ባንዳ አስቆማቸው። በገበያ የሚያውቁት ያገር ሰው ነው።

«‹አንቺ፣ ምን ይዘሻል?› አለኝ። ‹ምሳ› አልሁት። ‹ለማን?› አለኝ። ‹ለአራሾች› አልሁት። ሳቀ። ‹ሂጂ በይ፣ እንዳይቀዘቅዝባቸው› አለኝ። እኔም ስለሳቀ ያለፍሁ መሰለኝ። እንድሪስ ዘንድ ደርሼ አታልዬው መጣሁ ብዬ እየሳቅሁ ነገርሁት።»

«ከዚያስ?»

«ቀኑ እሑድ ነበር፣ ልጄ። እሑድ የሚያርስ ክርስቲያን የት ይገኛል? እንድሪስ እስላም ሆኖ ይህን ያውቃል። እኔ የክርስቲያኗ ልጅ ረሳሁት።»

እንድሪስ እጁ ላይ የነበረውን ገመድ እንደያዘ ቆመ። «ሳቀ?» አላቸው። «ሳቀ።» «አገልግሉን ግን አላስከፈተሽም?» «አላስከፈተኝም።» «እንግዲያው ሰው ሊጠራ ሄዷል» አለ።

ታንኳው አላለቀም ነበር፤ አፍንጫው ገና አልታሰረም። ከአንድ ሰው በላይ አይችልም። አባታቸውን ከመቅዘፊያ ጋር አስተኝቶ በደንገል ሸፈናቸውና ገፍቶ ወደ ውኃው ለቀቃቸው። ሚስቱን፣ ሰኪናንና የሚጠባውን ልጅ በአሮጌዋ ታንኳ ጫነና ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ፣ ዘመዶቿ ወዳሉበት እንድትቀዝፍ አዘዛት። «አንተስ?» አለችው ሚስቱ። «ባዶ ግቢ ካገኙ ወዲያው ውኃውን ያያሉ። እኔን ሥራ ላይ ካገኙኝ መጀመሪያ እኔን ይጠይቃሉ» አላት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ደንገሉን ማሰር ቀጠለ።

እምዬ ወደ ቤትሽ ሂጂ ተብለው ነበር። አልሄዱም፤ ከግቢው ወዲያ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው አዩ። አንድ ጣሊያንና ስድስት ባንዳ መጡ። እንድሪስ አላየሁም፣ አላውቅም አለ። ክምሩን ሲበትኑት አገልግሉን አገኙት። ያ የሳቀው ባንዳ አነሳና «ይህ ያንተ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ምን አለ?»

«ዝም አለ። ምን ይላል? አንድ ጊዜ ነው የተኮሱት።»

ቀኑ ሳይመሽ የእምዬ እናት ሁለት አራሾቻቸውን ልከው ሬሳውን አስነሱት። ሚስቱ የለች፣ ልጆቹ የሉ፤ በራሳቸው እርሻ ዳር ወይራ ሥር አስቀበሩት። ለማንም እንዳይነገር ተባለ። ጣሊያን ሲወጣ አባትየው ተመለሱ። ቆስለው ሐይቅ በመሻገራቸው ተመሰገኑ፤ ግራዝማች የተባሉትም ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ደልጊ አንድም ቀን አልሄዱም።

«አንድ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ» አሉ እምዬ። «ካገባሁ በኋላ ነው። ‹አባባ፣ ቢያንስ መቃብሩን ለልጆቹ እንንገራቸው፤ ነፍስዎን የሰጠዎት እሱ አይደለም?› አልኋቸው። ‹እሱ የሰጠኝ ታንኳ ነው። ነፍሴን የሰጠኝ እግዜር ነው› አሉኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኋቸውም።»

ደሜ ፈላ። በግራዝማች ብቻ አይደለም።

«እርስዎስ? ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?» አልኋቸው። እምዬን እንዲያ ባለ ድምፅ ተናግሬያቸው አላውቅም።

«ፈራሁ» አሉ። «መጀመሪያ አባቴን። ቀጥሎ ባሌን። አሁን ደግሞ ልጆቼን።» ቀጥለውም «ሰኪና አለች» አሉ። «ከደልጊ የሚመጡትን ዓሣ ነጋዴዎች በየዓመቱ እጠይቃለሁ። ባለፈው ወርም ጠይቄያለሁ። አለች። አባቷ የት እንደተቀበረ ግን አታውቅም። እኔ ከሞትሁ የሚያውቅ የለም። ነገ ስሙንም መቃብሩንም አንብቢልኝ። ሰው በሞላበት ከተነበበ ልጆቼ ሊክዱት አይችሉም።»

ጋሼ ምኒችል የግቢው በር ላይ ቆመው ኖሯል። መቼ እንደደረሱ አላወቅሁም። ገብተው ከእምዬ አጠገብ ተቀመጡ።

«እምዬ፣ ዕድሜ ነው። ዕድሜ ነገር ያቀላቅላል» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

«ትናንት የበላሁትን እረሳለሁ። ይህን አልረሳሁም።»

«ቢሆንስ? እሺ፣ ቢሆንስ? የአርበኛን ታሪክ ታንኳ ሠሪ ላይ ልናንጠለጥለው ነው?» ወደ እኔ ዞሩ። «ማሂ፣ አንቺ የጻፍሽው ጥሩ ነው። እንዳለ አንብቢው። ያ እርሻ ዛሬ የእኔ ባሕር ዛፍ ነው፤ ነገ መሬት ይገባናል የሚል ሰው ደጄ ቢሰለፍ አንቺ ትመልሺልኛለሽ?»

እኔ ምን አልሁ? ምንም። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም እሺ ያልሁ መሰላቸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጡ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም እሺ ያልሁ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከስልሳ የማያንስ ዘመድ ተሰበሰበ። እምዬ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ጋሼ ምኒችል ከጎናቸው። ሁለት ወረቀት ይዣለሁ፤ አንደኛው በኮምፒውተር የተጻፈው፣ ሁለተኛው ከእምዬ አፍ የጻፍሁት። ስሜ ሲጠራ ወደ መድረኩ ወጣሁ። ማይኩን ስይዘው አዳራሹ ሁሉ ትንፋሼን ሰማ። ከኋላ አንድ የአክስቴ ባል «በሉ ጆሯችሁን አቅርቡ፣ ይቺ ልጅ እንደሆነች በሹክሹክታ ነው የምታነብ» አሉና ሰው ሳቀ።

የመጀመሪያውን ወረቀት አነበብሁ። ትውልዳቸውን፣ ልጅነታቸውን፣ ጀግንነታቸውን። ያ ዓረፍተ ነገር ደረሰ። «ከሰው ማጀት አልቀመሱም» አልሁ።

አጨበጨቡ።

አጨብጭበው ብቻም አልቀሩም፤ እልል ያሉም ነበሩ። አንድ ዘመዴ ለልጁ «ሰማህ?» ሲለው አየሁ። ጋሼ ምኒችል ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጨበጭባሉ። እምዬ ብቻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው እኔን ያያሉ። ያ ጭብጨባ ባይኖር ኖሮ አንብቤ እወርድ ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። ግን የሚጨበጨበው ለምን ነበር? ያን ሰው ላስገደለው ነገር ነው። ለዚያውም እኔ አሳምሬ ለጻፍሁት። ከእግሬ ጀምሮ እስከ ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ። ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም።

«አላለቀም» አልሁ። ሁለተኛውን ወረቀት አወጣሁ። «ግራዝማችን ደብቆ ያዳናቸው እንድሪስ የሚባል ታንኳ ሠሪ ነው። ዓሣ አቅርቦላቸው እጅህ ነክቶታል ብለውታል። ስለዚህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ምግብ ስታመላልስ ባንዳ አገኛት። ልጅቷ እዚህ ፊታችሁ ተቀምጣለች።»

ጋሼ ምኒችል ተነሱ። «ማይኩን ዝጉት» አሉ።

ተዘጋ። አፌ ይንቀሳቀሳል፤ ከአፌ የሚወጣውን ግን እኔም በደንብ አልሰማውም። ሰው መንጫጫት ጀመረ። አንዷ «ውረጂ፣ ምን ነካሽ?» ትለኛለች። ልወርድም አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ያኔ እምዬ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«አልሰማኝም» አሉ። «ጮክ በይ።»

«እምዬ፣ ይቀመጡ» አሉ ጋሼ ምኒችል።

«አንተ ተቀመጥ። እኔ ያልሰማሁትን ማን ሊሰማልኝ ነው?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህሁ። ድምፄ ተሰነጣጠቀ፤ አያምርም ነበር። እንድሪስ ለምን ወደ ኋላ እንደቀረ ተናገርሁ። እሑድ እንደነበር ተናገርሁ። የተቀበረው የዛሬው ባሕር ዛፍ ውስጥ እንደሆነ፣ ልጁ ሰኪና ደልጊ እንዳለች፣ ይህን ሁሉ ዓመት የአባቷን መቃብር እንደማታውቅ ተናገርሁ። ያ የአክስቴ ባል «ወይ ጉድ፣ ድምፅ ነበራት እንዴ» አሉ፤ አሁን ግን ማንም አልሳቀም። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ከስልሳ ሰው ሁለት ሰዎች መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ምሳ ሲቀርብ እኔና እምዬ የተቀመጥንበት ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም።

«ፈራሽ?» አሉኝ እምዬ።

«ተናድጃለሁ።»

«በእኔም ጭምር?»

«በእርስዎም ጭምር።»

«ደግ» አሉ። «ሳይበርድልሽ ደልጊ ሂጂ።»

ሄድሁ። ወደ ጎርጎራ በምትሄደው ጀልባ ተሳፍሬ በሁለተኛው ቀን ደልጊ ወረድሁ። የሰኪናን ቤት ለማግኘት አልቸገረኝም፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ያውቋቸዋል። ደጁ ላይ አንድ ሽበታም ሰው መረብ ይጠግናል። የሰኪና ልጅ ኑሩ ነው።

«ከየት ነሽ?» አለኝ።

«ከባሕር ዳር። የግራዝማች አየነው የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ።»

መረቡን አስቀመጠው። ስሙን እንደሚያውቀው ፊቱ ላይ አየሁ።

«እኛ ቤት በየዓረፋው የሚነሳ ስም ነው» አለኝ። «አያቴ ለማን እንደሞተ እናውቃለን። ልትነግሪን ከሆነ የመጣሽው ደክመሻል።»

«የመጣሁት የተቀበረበትን ልነግራችሁ ነው።»

«ታውቁ ነበር?» አለ ቀስ ብሎ። «ታውቁ ነበር? እናቴ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ በእግሯ መጥታ ጠይቃለች። ከደጃችሁ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አልነበረም ተብላ ነው የተመለሰች።»

ይህን እምዬ አልነገሩኝም ነበር። ያውቁ ይሁን አያውቁ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ልጠይቃቸውም አልደፈርሁም። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ በጣም ትንሽ ሆነብኝና ዋጥሁት።

«አስገባት» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

ሰኪና መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ጀርባቸው ግን አልጎበጠም። «የሻረግ አለች?» አሉኝ።

«አሉ።»

«ደውዪልኝ።»

ደወልሁ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው፤ የእምዬ ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል። እምዬ «ሰኪና?» አሉ። ሰኪና ሰላምታ አልሰጡም።

«አገልግሉን በራስሽ ላይ ተሸክመሽ ለምን መጣሽ?» አሉ። «ለምን በልብስሽ አልሸፈንሽውም?»

ስልኩን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ያዙት።

«ልጅ ነበርሁ» አሉ እምዬ።

«እኔም ልጅ ነበርሁ» አሉ ሰኪና። «አንቺ ግን አባትሽ ዘጠና ሰባት ዓመት ኖረልሽ።»

እምዬ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ሰኪና አላለቀሱም። እስኪበቃቸው ጠበቋቸው፤ ከዚያ «በይ፣ የት ነው?» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጡ። ሰኪና፣ ኑሩ፣ ሌሎች አሥር የሚሆኑ ዘመዶች። እምዬን በመኪና ወስደናቸዋል። ጋሼ ምኒችል አልመጡም። ዘበኛቸው አጥሩ በር ላይ ቆሞ «መሬት የሚለካ ሰው እንዳይገባ ተብያለሁ» አለ። ኑሩ ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳየው። «መሬቱን ያዙት፤ የምንፈልገው አያታችንን ነው» አለው። ዘበኛው ስልክ ደወለ፤ ሲያወራ ቆየና በሩን ከፈተ።

ወይራው ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ነበር የቀረው። ሁለቱ አሮጊቶች ጉቶው ላይ ተከራከሩ። እምዬ «ከጉቶው ወደ ሐይቁ በኩል ነው» ይላሉ፤ ሰኪና «እርግጠኛ ነሽ? እሑድን የረሳሽ ሰው ነሽ» ይሏቸዋል። እምዬ ተቆጥተው በበትራቸው መሬቱን መቱት፤ «እዚህ ነው። እናቴ ድንጋዩን በእግር በኩል ስታደርግ አይቻለሁ» አሉ። ኑሩ ቅጠሉን ጠረገው፤ ግማሹ የተቀበረ ድፍን ድንጋይ ወጣ። ማንም ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ወንዶቹ ቆመው ጸለዩ። በራስጌው በኩልም አንድ ድንጋይ አቆሙ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ አያት አላችሁ፤ ወይም ነበራችሁ። ስለ እነሱ የሚነገር ደስ የሚል ታሪክም አላችሁ። አታውሩት አልልም። ግን ጀግናው ሦስት ቀን ተደበቀ ሲባል ማን ቤት ብላችሁ ጠይቁ። ተሻገረ ሲባል በማን ታንኳ በሉ። የሚመልስላችሁ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። እኔ ሥነ ጽሑፍ አራት ዓመት ተምሬ፣ ሁለት ሳምንት ስጽፍ፣ ይህን አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም። መጽሐፉ ኋላ ታተመ። ያ ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳይነካ አለበት፤ አዘጋጅ በሚለው ቦታ የእኔ ስም አለ። ስሜን አውጡልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄ አልወጣልኝም። እኔም ስለዚህ ነው ይህን በራሴ የጻፍሁት።

ያን ቀን መቃብሩ ላይ ጸሎቱ ሲያልቅ ሰኪና «አዳራሽ ያነበብሽውን አንብቢልኝ» አሉኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ «እንድሪስ የሚባል ታንኳ ሠሪ» ብዬ ጀመርሁ።

«የማን ልጅ?» አሉ።

ቀና አልሁ። ከግራዝማች ወደ ላይ ሰባት ትውልድ ሳላቋርጥ እቆጥራለሁ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አስጠንተውኛል። የእሱን የአባቱን ስም ግን አላውቅም። እምዬን አየኋቸው። እሳቸውም አያውቁም።

ሰኪና ጉቶው ላይ ተቀመጡ። «ብዕር ይዘሻል?» አሉኝ። «እንድሪስ አሊ። አሊ አደም። አደም ሰይድ። ሰይድ፣ እሱ ነው መጀመሪያ ከወዲያ ማዶ የመጣው፣ ሰይድ ሙሳ።»

«ትንሽ ቀስ ይበሉልኝ» አልኋቸው።

«እስካሁን የቆየሁ ሰው አልቸኩልም» አሉ። «ጻፊ።»